የቫይረስ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣው የደም መርጋት በወረርሽኝ ዝግጅት ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በኮቪድ-19 የተያዘ ሰው መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ይፋ ከተደረገ በኋላ፣ ስለ ወረርሽኙ በየዕለቱ ይወጣ የነበረው መግለጫ ለብዙ ወራት በአንድ ዓይነት ቅርጽ መዝለቁ ይታወሳል። በ24 ሰዓታት ውስጥ የተመረመሩ፣ ቫይረሱ የተገኘባቸው፣ በጽኑ ሕክምና ላይ የሚገኙ፣ ያገገሙ እና ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች ቁጥር ይገለጽ ነበር። መግለጫው ለጊዜው አስፈላጊ ነበር፤ ኅብረተሰቡም በዚያው ልክ ይከታተለው ነበር። ይሁን እንጂ «ያገገሙ» ተብለው የተቆጠሩት ሁሉ በሙሉ ጤንነት ወደ ቤታቸው የተመለሱ ላይሆኑ እንደሚችሉ፣ ከመካከላቸው አንደበታቸው የተያዘ፣ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያለ ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሊኖሩ እንደሚችሉ የሚያመለክት ረድፍ በዚያ መግለጫ ውስጥ አልነበረም። የሌሎች አገሮች አሠራርም ከዚህ እምብዛም የተለየ አልነበረም።

ለእነዚህ ጉዳቶች ዋነኛ ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ ከልብ ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ደም በሚያደርሱት ቧንቧዎች፣ ማለትም በደም ቅዳ ቧንቧዎች ውስጥ የሚፈጠር የደም መርጋት ነው። ጉዳዩ ለሐኪሞች ብቻ የተተወ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የመድኃኒት ግዥ የሚያጸድቁ፣ የሆስፒታል በጀት የሚደለድሉ፣ የአምቡላንስ ስምሪት የሚመሩ እና የሞት መዝገብ የሚያደራጁ ኃላፊዎች የሚሰጡት ውሳኔ በቀጥታ የሚነካው ጉዳይ ነው።

የችግሩ ስፋት ለዓለም ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ በ2020 የመጀመሪያ ወራት ነበር። በኒውዮርክ ከተማ በሚገኘው የማውንት ሳይናይ የጤና ተቋም በሁለት ሳምንታት ጊዜ ውስጥ ብቻ ዕድሜያቸው ከ33 እስከ 49 ዓመት የሆነ አምስት ሰዎች በትላልቅ የአንጎል ደም ቧንቧዎች መዘጋት ሳቢያ በስትሮክ ተመትተው ገቡ። አምስቱም የኮቪድ-19 ቫይረስ ተገኝቶባቸዋል። ቀደም ባለው አንድ ዓመት ተቋሙ በዚህ የዕድሜ ክልል የሚቀበለው ተመሳሳይ ሕመምተኛ በሁለት ሳምንት በአማካይ ከአንድ ሰው በታች ነበር። ከአምስቱ ሁለቱ ደግሞ ምልክቱ ከታየባቸው በኋላ አምቡላንስ ለመጥራት የዘገዩት በወረርሽኙ ወቅት ሆስፒታል መሄድን ፈርተው መሆኑን ሐኪሞቹ ባወጡት ዘገባ ገልጸዋል። ወረርሽኝ ሰውን የሚጎዳው በቫይረሱ ብቻ ሳይሆን ሕዝብ በጤና ተቋም ላይ ያለውን መተማመን በመሸርሸርም ጭምር መሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል።

በሰሜን ጣሊያን ሎምባርዲ ግዛት በምትገኘው ብሬሺያ ከተማ የታየው ደግሞ የእግርና የእጅ ጉዳይ ነበር። በከተማዋ የደም ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ክፍል እ.ኤ.አ ከጥር እስከ መጋቢት 2020 ከታዩት 141 ሕሙማን ውስጥ 23ቱ ወደ እግራቸው ወይም ወደ እጃቸው የሚሄደው ደም በድንገት የተቋረጠባቸው ነበሩ። በቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ይህ ያጋጠማቸው ከ163 ሕሙማን ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ሐኪሞቹ ቫይረሱ የተገኘባቸውን 20 ሕሙማን ለይተው የተከታተሉ ሲሆን፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 17 ሰዎች መካከል የደም ዝውውሩ የተመለሰላቸው 12ቱ ናቸው። ከ20ዎቹ ስምንቱ ሆስፒታል እንዳሉ ሕይወታቸው አልፏል። ልምድ ያላቸውን ቀዶ ሐኪሞች ያሳሰበው የረጋውን ደም ማውጣቱ አልነበረም፤ ከወጣ በኋላ በዚያው ቧንቧ ውስጥ ተመልሶ መርጋቱ ነበር።

በኔዘርላንድስ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በነበሩ 184 የኮቪድ-19 ሕመምተኞች ላይ የተካሄደው ጥናት ደግሞ 31 በመቶ በሚሆኑት ላይ ከደም መርጋት ጋር የተያያዘ ችግር መታየቱን አመልክቷል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የተከሰተው ደምን ወደ ልብ በሚመልሱት ቧንቧዎች፣ በተለይም ወደ ሳንባ በሄደ የረጋ ደም ሲሆን፣ በደም ቅዳ ቧንቧዎች ላይ የታየው 3 ነጥብ 7 በመቶ ነበር። አኃዙ ሲታይ አነስተኛ ነው። ሆኖም ሁለቱ የሚያደርሱት ጉዳት ይለያያል። በደም መላሽ ቧንቧ የረጋ ደም ብዙውን ጊዜ በእብጠትና በሕመም ራሱን አስቀድሞ ሊያሳውቅ ይችላል። በደም ቅዳ ቧንቧ ሲረጋ ግን ከዚያ ወዲያ ያለው የሰውነት ክፍል ኦክስጅን የሚያገኝበት መንገድ በዚያው ቅጽበት ይዘጋል። ቧንቧው የአንጎል ከሆነ ስትሮክ፣ የልብ ከሆነ በተለምዶ ሀርት አታክ የሚባለው ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ የእግር ከሆነ የእግር መሞት ያስከትላል።

ቫይረስ በመተንፈሻ አካል ገብቶ እግርን እስከ ማስቆረጥ የሚደርሰው እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሾ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካደረጋቸው ምርምሮች በመነሳት ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ሦስት ነገሮች በሕክምና ትምህርት ይጠቀሳሉ። እነዚህም የቧንቧው የውስጥ ግድግዳ መጎዳት፣ የደሙ ባሕርይ መለወጥ እና የፍሰቱ መዛባት ናቸው። ከባድ የቫይረስ ሕመም ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ሊያመጣ ይችላል። ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያካሂደው ዘመቻ ልኩን ሲያልፍ የቧንቧዎቹ ውስጠኛ ሽፋን ይቆጣል፤ ለስላሳነቱንና ደም እንዳይረጋ የመከላከል ችሎታውን ያጣል። ጉበት ለመርጋት የሚያገለግሉ ፕሮቲኖችን በብዛት ያመርታል፤ ፕሌትሌት የተባሉት የደም ሕዋሳትም በቀላሉ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ሕመምተኛው በትኩሳትና በፈሳሽ እጥረት ሲዳከም፣ አልጋ ላይ ሲውል የደሙ ፍሰት ይዛባል። በዚህ ላይ በልብ ወይም በአንጎል ቧንቧ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ ቅባት ካለ፣ በመቆጣቱ ምክንያት ሊሰነጠቅና በላዩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ልብም በዚያው ወቅት ከወትሮው በፈጠነ ምት፣ ግን ባነሰ ኦክስጅን እንዲሠራ ይገደዳል።

ይህ በኮቪድ-19 የተጀመረ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የኅብረተሰብ ጤና አገልግሎት ይሠሩ የነበሩት ሰልዊን ኮሊንስ በኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወቅቶች በልብ ሕመም የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር አብሮ ከፍ እንደሚል እ.ኤ.አ በ1932 ባወጡት ጽሑፍ አሳይተው ነበር። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት የተካሄደውና እ.ኤ.አ በ2018 የታተመው ጥናትም አንድ ሰው ኢንፍሉዌንዛ እንዳለበት በምርመራ በተረጋገጠ በሰባት ቀናት ውስጥ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሆስፒታል የመግባት ዕድሉ ከሌላው ጊዜ ስድስት እጥፍ መሆኑን አረጋግጧል። ማስረጃው ወረርሽኙ ከመግባቱ ሁለት ዓመት በፊት በእጅ ነበር ማለት ነው። ኮቪድ-19 ያደረገው ነገር ቢኖር ለረጅም ጊዜ በባለሙያዎች መጽሔት ውስጥ ተወስኖ የቆየውን እውነት ማንም ሊያልፈው በማይችል መጠን አጉልቶ ማሳየት ነው። በኒውዮርክ በሁለት ሆስፒታሎች የተደረገው ንጽጽርም ልዩነቱን ይገልጻል፤ በኮቪድ-19 ሳቢያ ድንገተኛ ክፍል ከታዩ ወይም ተኝተው ከታከሙ 1 ሺህ 916 ሰዎች 31ዱ በስትሮክ ሲመቱ፣ በኢንፍሉዌንዛ ከታከሙ 1 ሺህ 486 ሰዎች ግን በስትሮክ የተመቱት ሦስት ናቸው።

አደጋው ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል የሚለውን ለመመለስ እጅግ ሰፊ የሆነው መረጃ የተገኘው ከእንግሊዝና ከዌልስ ነው። የ48 ሚሊዮን ሰዎችን የጤና መዝገብ መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ በ2022 የታተመው ጥናት፣ ኮቪድ-19 በተገኘባቸው ሰዎች ላይ በመጀመሪያው ሳምንት የደም ቅዳ ቧንቧ መርጋት አደጋ ቫይረሱ ካልተገኘባቸው ጋር ሲነጻጸር ወደ 22 እጥፍ ገደማ ከፍ እንደሚል፣ ከዚያም በፍጥነት እየቀነሰ ሄዶ ከ27ኛው እስከ 49ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ እንኳ በ34 በመቶ ከፍ ብሎ እንደሚቆይ አመልክቷል። ተመራማሪዎቹ በ1 ነጥብ 4 ሚሊዮን ሕሙማን ላይ 7 ሺህ 200 ያህል ተጨማሪ የደም ቅዳ ቧንቧ መርጋት መከሰቱን ገምተዋል። 

የመጀመሪያው ሳምንት አኃዝ ሲነበብ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በስትሮክ ተመትቶ ሆስፒታል የገባ ሰው በዚያው ዕለት ለቫይረሱ ስለሚመረመር፣ ቁጥሩ በከፊል ከምርመራው አሠራር የመጣ ሊሆን ይችላል። በስዊድን በ86 ሺህ 742 ሕሙማን ላይ የተካሄደው ጥናት ይህን በመገንዘብ የመጀመሪያውን ቀን ለይቶ ሲያሰላ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የድንገተኛ የልብ ሕመምም ሆነ የስትሮክ አደጋ በሦስት እጥፍ ገደማ ከፍ ማለቱን አግኝቷል። ለፖሊሲ አውጪ ይህ የተረጋጋ ግምት የበለጠ ያገለግላል። ሦስት እጥፍም ቢሆን ለማንኛውም የጤና ሥርዓት ቀላል ሸክም አይደለም።

በኢትዮጵያ ከ500 ሺህ በላይ ሰዎች በኮቪድ-19 መያዛቸው በምርመራ ሲረጋገጥ፣ ከ7 ሺህ 500 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸው አልፏል። የአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው ወጣት መሆኑ እንደ ጠንካራ ጎን የሚወሰድ ነው። ነገር ግን በወጣትነት ዕድሜ የሚታየውና በልጅነት ከሚያጋጥም የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የልብ በር ሕመም በአገሪቱ በስፋት ይገኛል። ይህ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ቫይረስ ሳይጨመርበትም ደም በልባቸው ውስጥ ረግቶ ወደ አንጎል እንዳይሄድ ዋርፋሪን የሚወስዱ ናቸው። ሳይታወቅ የሚቆየው የደም ግፊትና ስኳርም በዚሁ ላይ ይደመራሉ። ስለዚህ «ሕዝባችን ወጣት ነው» የሚለው አባባል ለመዘናጋት በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ትልቁ ፈተና ጊዜ ነው። በስትሮክ የተመታ ሰው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በአብዛኛው ሊሰጠው የሚችለው ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የአንጎል ደም መፍሰስ አለመሆኑ በሲቲ ስካን መረጋገጥ አለበት። ደም የተቋረጠበት እግር በስድስት ሰዓታት ገደማ ውስጥ ካልታከመ ጡንቻውና ነርቩ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ከሩቅ ወረዳ ተነስቶ በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በኩል አድርጎ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ለሚደርስ ሕመምተኛ ይህ ሰዓት በመንገድ ላይ ያልቃል። ለደረጃ ተዋረድ የተዘረጋው የቅብብሎሽ ሥርዓት ለእናቶችና ለሕጻናት ብዙ ጥቅም አስገኝቷል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ድንገተኛ ሕመም ግን በየእርከኑ መቆም ሳያስፈልግ በቀጥታ የሚታለፍበት መንገድ ካልተበጀለት እግሩን አያድነውም።

ውድ መሣሪያ ሳይገዛ ሊሠራ የሚችል ነገርም አለ። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችን በየቀበሌው አድርሷል። ከከባድ የቫይረስ ሕመም ያገገመ ሰው ፊቱ ወደ አንድ ወገን መጣመሙን፣ ክንዱ መስነፉን፣ ንግግሩ መጎላደፉን፣ ደረቱን የሚጫን ሕመም መኖሩን መጠየቅና ማየት ይቻላል። እግሩ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ነጥቶ፣ አጥብቆ የሚያመው ከሆነ ደግሞ በእግሩ አናት ላይ ጣትን አሳርፎ የደም ምት መኖር አለመኖሩን መዳሰስ ብቻ በቂ ፍንጭ ይሰጣል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አጭር ሥልጠና እና ከሆስፒታል የሚወጣ ሕመምተኛ ይዞት የሚሄድ አንድ ገጽ ማስታወሻ ነው። ክትትሉ በተለይ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ቢጠናከር አደጋው በሚከብድበት ወቅት ላይ ያርፋል።

መድኃኒትን በሚመለከት ከወረርሽኙ የተገኘው ትምህርት መጀመሪያ ከተገመተው የተለየ ነው። ሁሉም ሕመምተኛ አስፒሪን ቢወስድ ይጠቅመዋል የሚል እምነት በስፋት ተሰራጭቶ ነበር። በብሪታኒያ መሪነት ሪከቨሪ በተሰኘው ጥናት 14 ሺህ 892 የሆስፒታል ሕመምተኞች ተካፍለው ሲመዘን ግን አስፒሪን ሞትን አልቀነሰም፤ የሞት መጠኑ በሁለቱም ወገን 17 በመቶ ነበር። የደም መርጋት ከ5 ነጥብ 3 ወደ 4 ነጥብ 6 በመቶ ዝቅ ሲል፣ ከባድ የደም መፍሰስ ከ1 ወደ 1 ነጥብ 6 በመቶ ከፍ ብሏል። የተገኘው ጥቅም በሌላ በኩል ተበልቷል ማለት ይቻላል። በሙሉ መጠን የሚሰጠው ሄፓሪንም እ.ኤ.አ በ2021 በታተሙት ውጤቶች መሠረት የጠቀመው ሆስፒታል ገብተው ገና ወደ ጽኑ ሕክምና ላልደረሱት ሲሆን፣ ጽኑ ሕክምና ውስጥ ለገቡት ያስገኘው ጥቅም አልታየም። መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ሳለ ሰዓቱ ሲያልፍ ዋጋ ያጣል። ይህ ለግዥና ሥርጭት ኃላፊዎች የሚሰጠው ትርጉም ግልጽ ነው፤ ሄፓሪን በሪፈራል ሆስፒታሎች የጽኑ ሕሙማን ክፍል ብቻ ከተከማቸ የተቀመጠው በዘገየበት ቦታ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ጉዳይ አለ። ሄፓሪን የሚዘጋጀው ከእንስሳት፣ በዋነኛነት ከአሳማ አንጀት ሲሆን፣ የጥሬ ዕቃው ትልቅ ድርሻ የሚመጣው ከቻይና ነው። ወረርሽኝ ሲነሳ ሁሉም አገር በአንድ ጊዜ የሚፈልገው፣ ምንጩ ግን ውስን የሆነ መድኃኒት የመጠባበቂያ ክምችት ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2019 በአፍ የሚወሰዱ አዳዲስ የደም መርጋት መከላከያዎችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ማካተቱ አማራጩን ያሰፋዋል፤ ይሁን እንጂ በልብ በር ሕመም ምክንያት የልባቸው ምት የተዛባ ሰዎች ላይ ዋርፋሪን የተሻለ ሆኖ መገኘቱ እ.ኤ.አ በ2022 በታተመ ጥናት ስለተረጋገጠ፣ አዲሱ ሁልጊዜ አሮጌውን ይተካል ብሎ መግዛት ስሕተት ነው።

ትኩሳት ሁሉ አንድ አለመሆኑም ሊሰመርበት ይገባል። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ በ2013 የተከሰተው የደንጊ ትኩሳትም የቫይረስ ሕመም ነው። ደንጊ ግን የፕሌትሌት ቁጥርን ዝቅ በማድረግ ሰውን ለደም መፍሰስ ስለሚያጋልጥ አስፒሪን መውሰድ የተከለከለ ነው። ስለ ደም መርጋት ለኅብረተሰቡ የሚሰጥ ትምህርት ሰውን ወደ ሐኪም የሚመራ እንጂ በራሱ ፈቃድ ደም ማቅጠኛ እንዲወስድ የሚገፋፋ መሆን የለበትም።

ክትባትን በተመለከተ የነበረው ሥጋት እዚህ ላይ መነሣት አለበት። የመጀመሪያው 2 ነጥብ 2 ሚሊዮን ያህል የአስትራዜኔካ ክትባት አዲስ አበባ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም ሲሆን፣ ከአንድ ወር በኋላ የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ ክትባቱ እጅግ አልፎ አልፎ ያልተለመደ የደም መርጋት ሊያስከትል እንደሚችል አስታወቀ። ዜናው በብዙ አገሮች ጥርጣሬ ማሳደሩ ይታወቃል። ሥጋቱ ከመሬት የተነሳ አልነበረም፤ ችግሩ በእርግጥም ነበር። ያልተነገረው ንጽጽሩ ነው። በእንግሊዝ ከ29 ሚሊዮን በላይ የተከተቡ ሰዎችን መረጃ የመረመረው ጥናት፣ ከ10 ሚሊዮን ሰዎች መካከል በአስትራዜኔካ ክትባት ሳቢያ ተጨማሪ የደም መላሽ ቧንቧ መርጋት ያጋጠማቸው 66 ሲሆኑ በቫይረሱ በመያዝ ሳቢያ ግን 12 ሺህ 614 መሆናቸውን አስልቷል። በስትሮክ ረገድም ከፋይዘር ክትባት በኋላ 143፣ ከቫይረሱ በኋላ 1 ሺህ 699 ተገምቷል። አንድን ጉዳት ለብቻው ነጥሎ ማሳወቅና ከሌላው ጋር አነጻጽሮ ማሳወቅ በሕዝብ ዘንድ የተለያየ ውጤት እንዳላቸው ለሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች መንገር አያስፈልግም።

ኢንፍሉዌንዛን መከላከል ልብን እንደሚጠብቅም ተረጋግጧል። ድንገተኛ የልብ ሕመም ያጋጠማቸው ወይም ለከፍተኛ የልብ አደጋ የተጋለጡ 2 ሺህ 571 ሰዎች ተካፍለውበት እ.ኤ.አ በ2021 በታተመው ጥናት፣ ሆስፒታል እያሉ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከተሰጣቸው መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት 2 ነጥብ 9 በመቶ ሲሆኑ፣ ክትባቱን ካላገኙት ግን 4 ነጥብ 9 በመቶ ናቸው። በልብ ክሊኒኮች ክትትል የሚደረግላቸው ሕሙማን ቁጥር የታወቀ በመሆኑ፣ ለእነርሱ ብቻ የሚሆን ክትባት ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ ማስላት አስቸጋሪ አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚቀራረበው የኤች አይ ቪ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቱን የጀመሩት ወጣቶች ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል። ቫይረሱ በመድኃኒት ቢገታም የደም ቧንቧ መቆጣቱ በዝቅተኛ ደረጃ ስለሚቀጥል፣ ለድንገተኛ የልብ ሕመም ያላቸው ተጋላጭነት ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ገደማ መሆኑን ጥናቶች ያሳያሉ። ዩጋንዳንና ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ በ12 አገሮች 7 ሺህ 769 ሰዎች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ በ2023 ይፋ የሆነው ጥናት፣ የደም ቅባት የሚቀንስ ፒታቫስታቲን የተባለ እንክብል በየዕለቱ መውሰድ ከባድ የልብና የደም ቧንቧ ችግሮችን በ35 በመቶ እንደሚቀንስ አመልክቷል። የክትትል ክሊኒኮቹ፣ ካርዱና ባለሙያው አስቀድሞ ያሉ በመሆናቸው አዲስ መዋቅር አያስፈልግም፤ የደም ግፊትና የደም ቅባት ልኬት በዚያው ቀጠሮ እንዲካተት ማድረግ ነው።

የዚህ ሁሉ መሠረት መዝገብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2020 ባወጣው መመሪያ፣ በሞት ማስረጃ ላይ በመጀመሪያው መስመር ሰውየውን በቅርብ የገደለው ምክንያት፣ ለምሳሌ ስትሮክ፣ ከሥሩም ለዚያ ያበቃው የቫይረስ ሕመም በቅደም ተከተል እንዲጻፍ ጠይቋል። ሁለተኛው መስመር ባዶ ሲቀር ሟቹ በስትሮክ ሞተ ተብሎ ይቆጠራል፤ የመጀመሪያው ሲቀር ደግሞ ስትሮኩ ከስታቲስቲክሱ ይጠፋል። በየወረዳው የሞት ምዝገባ የሚያከናውኑ የክብር መዝገብ ሹሞች የሚመዘግቡት ከጤና ተቋሙ የተላከላቸውን ወረቀት ነውና፣ ሁለቱም መስመሮች መሞላታቸውን ማረጋገጥ ወረቀቱን የሚፈርመው ሐኪምና የሆስፒታሉ አስተዳደር ኃላፊነት ይሆናል።